የጸሎት መልስ ከማን ቤት ይጀምራል? ስለ መንገደኞች የምስክርነት ጽሕፈት

እግዚአብሔር የሰውን ጸሎት እንደሚሰማ የሚክድ አማኝ የለም። ስለዚህ የዛሬው ነገራችን ጸሎት ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚል ክርክር አይደለም፤ ነገራችን ስለ ጽሕፈቱ ነው። «ጸሎቴ ተሰማልኝ» የሚል መንገደኛ ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን በብዕር ሲያኖር፥ እውነቱን ሁሉ ጽፎታልን? ወይስ ለራሱ የደረሰውን ድርሻ ብቻ ቈርጦ ወስዶ፥ የቀረውን በተቀበሉት ሰዎች ደጅ ትቶት ሄዶአልን? ይህ የሃይማኖት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የድርሰትም ጥያቄ ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ወደድን። አንባቢን እንዳያደናግር ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ጀምሮ ምሥራቃዊው አዲስ አበባ የእንግዳ በር ሆኖአል። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ገርጂ፥ ከገርጂም እስከ ኮተቤና የካ ባለው ሰፈር የሚኖር ሰው፥ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ መኪና ተሳፍረው የሚያልፉትን የባሕር ማዶ ክርስቲያኖች አይቶአቸው ያውቃል። የሚመጡት ለአሥር ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት ነው፤ ይህንንም «የአጭር ጊዜ ተልእኮ» ይሉታል። አንዳንዱ ሐኪም ነው፥ አንዳንዱ አናጢ ነው፥ አንዳንዱም ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ወጣት ነው። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፥ ለመንገዳቸው ገንዘብ ላዋጣው ጉባኤ ያዩትንና የሰሙትን ሊናገሩ ይገባቸዋልና፥ ምስክርነት ይጽፋሉ። ከዚህም የተነሣ ስለ ከተማችን በየዓመቱ ብዙ ወረቀት ይጻፋል፤ የተጻፈላቸው ሰዎች ግን ሳያነቡት ይቀራሉ።

የዚህ ጽሕፈት መልክ ዘወትር አንድ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ለጕዞው የሚያስፈልገው ገንዘብ ይጐድላል፥ ይጸለያል፥ በመጨረሻው ሳምንትም ይሞላል። ሁለተኛ በመንገድ ላይ ችግር ይነሣል፥ ይጸለያል፥ ችግሩም ይፈታል። ሦስተኛ መንገደኛው ከድኆች ጋራ ይገናኛል፥ ፈገግታቸውን አይቶ ይደነቃል፥ በመለያየትም ጊዜ ያለቅሳል። በፍጻሜውም ልሰጥ ሄጄ ተቀብዬ መጣሁ ብሎ ያበቃል። በዚህ ሁሉ ሐሰት የለበትም፤ የጻፈው ሰው ያመነውን ጽፎአል። ጕድለቱ ሌላ ነው፤ እርሱንም በአንድ ምሳሌ ብናሳይ ይሻላል።

ከነዚህ መልእክቶች አንዱ በአንድ ወዳጃችን እጅ ወደ እኛ ደረሰ። ወዳጃችን ለእንግዶች የሚያስተረጕም፥ በኮተቤ የሚኖር ሰው ነው፤ ስሙ እንዲነሣ አልፈቀደም። መልእክቱን የጻፈችው አንዲት የባሕር ማዶ ሴት ናት፤ የምትተርከውም እንዲህ ነው። ለድኆች የሚታደል የንባብ መነጽር የሞላበት ሣጥን ከእነርሱ ጋራ ሳይደርስ በመንገድ ቀረ። በገርጂ በአንድ ግቢ ውስጥ ሰዎች መነጽሩን ይጠብቁ ነበርና ነገሩ አስጨነቃቸው። እንግዶቹም ባረፉበት ቤት በየሌሊቱ እየተሰበሰቡ ጸለዩ። በሦስተኛው ቀን ጧት ሣጥኑ መጣ፤ መነጽሩም ታደለ፤ ብዙ ሰዎችም ተቀብለው ደስ አላቸው። ጸሐፊዋም እግዚአብሔር ትንሹን ነገራችንን እንኳ እንደማይንቅ በዚያ ቀን ዐወቅሁ ብላ ጨረሰች።

ታሪኩ መልካም ነው። ነገር ግን አስተርጓሚው መልእክቱን አንብቦ ከጨረሰልን በኋላ፥ በትሕትና ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው፥ ሣጥኑን ለመጠየቅ ሦስት ቀን በተከታታይ ገና ሳይነጋ ከኮተቤ ተነሥቶ በታክሲ ወደ ቦሌ የወረደው እርሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በግቢው ከሚጠብቁት መካከል ጥልፍ እየጠለፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት መበለት ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባላቸው የጐረቤት ልጅ ነበረች፤ እርስዋ ትምህርት ቤት በዋለች ጊዜ ግን ሥራቸው ይቆማል። እኒህ እናት በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክሩን በገዛ እጃቸው እንዲያስገቡ። መነጽሩን ባደረጉ ጊዜ፥ በነጠላቸው ጫፍ ሰክተው ያመጡትን መርፌ ነቅለው፥ በሰው መካከል ክሩን አስገቡ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። ይህን ከአስተርጓሚው በቀር ያስተዋለ አልነበረም። በመልእክቱም ውስጥ እኒህ እናት የሉም፤ ያሉት «ብዙ ሰዎች» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቀው ነው።

እንግዲህ የተሰማው የማን ጸሎት ነው? የሦስት ሌሊቱ ነውን ወይስ የሁለት ዓመቱ? ሁለቱም ነው እንላለን። ነገር ግን የሁለት ዓመቱን ትቶ የሦስት ሌሊቱን ብቻ የሚተርክ ጽሕፈት፥ የታሪኩን ራስ ጥሎ ጅራቱን የያዘ ነው። ያች እንግዳ ጸሎትዋ ተሰምቶላታል፤ ደግሞም ሳታውቀው ለሌላ ሰው ጸሎት መልስ ሆና ተልካለች። ይህን ብታውቅ ኖሮ ደስታዋ እጥፍ በሆነ፥ ጽሕፈትዋም ከሌላ ቤት በጀመረ ነበር።

ይህን ፍርድ ከራሳችን አላመጣነውም። የመንገደኛ ምስክርነት እንዴት እንደሚጻፍ ቀድሞ ያስተማረን ወንጌላዊው ሉቃስ ነው። በሐዋርያት ሥራ በ10ኛው ምዕራፍ፥ ጴጥሮስ ከኢዮጴ ወደ ቂሣርያ ያደረገውን አጭር ጕዞ ሲተርክ፥ ነገሩን ከመንገደኛው ሰገነት አልጀመረም፤ ከቆርኔሌዎስ ቤት ጀመረ። ጴጥሮስ ገና ምንም ሳያውቅ ያ መቶ አለቃ ይጸልይና ምጽዋት ይሰጥ ነበር፤ መልአክም በዘጠኝ ሰዓት ተገልጦ ጸሎቱ እንደ ተሰማለት ነገረው። ጴጥሮስ ሊጸልይ ወደ ሰገነት የወጣው በማግሥቱ በስድስት ሰዓት ነው። ሉቃስ ሰዓቱን ሳይቀር ለይቶ መጻፉ፥ የባለቤቱ ጸሎት የእንግዳውን ጸሎት መቅደሙን እንድናስተውል ይመስለናል።

ደግሞም የቆርኔሌዎስን ራእይ አንድ ጊዜ ተናግሮ አልተወውም። መጀመሪያ ሉቃስ ራሱ ይተርከዋል፤ ኋላ መልእክተኞቹ ለጴጥሮስ ይነግሩታል፤ ቀጥሎ ቆርኔሌዎስ በገዛ አፉ ይመሰክራል፤ በመጨረሻም በ11ኛው ምዕራፍ ጴጥሮስ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ በተጠየቀ ጊዜ ይደግመዋል። ይህ አራት ጊዜ መሆኑ ነው። ዛሬ መንገደኞች በአገራቸው ጉባኤ ፊት ቆመው እንደሚናገሩት ሁሉ፥ ጴጥሮስም ላኪዎቹን በሚመስሉ ወንድሞች ፊት ቆሞ ነበር። በዚያም የእንግዳ ተቀባዩን ራእይ አልደበቀም፤ አብረውት ሄደው ያዩ ስድስት ወንድሞችም ምስክር ሆነው በአጠገቡ ነበሩ።

ለእኛ የቀረበው ሌላው ምሳሌ በ8ኛው ምዕራፍ ያለው የጃንደረባው ታሪክ ነው። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ከእርሱ ጋራ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚህ የሚያጥር ተልእኮ አይገኝም። ሆኖም ሉቃስ፥ ፊልጶስ ከመድረሱ አስቀድሞ ኢትዮጵያዊው ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ እንደ ተመለሰ፥ በሠረገላውም ላይ መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ ይነግረናል። የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊው ነው፤ ውኃውን አይቶ ጥምቀትን የሚለምነውም እርሱ ነው። ፊልጶስ ከተወሰደ በኋላ ደስ እያለው መንገዱን እንደ ሄደ የተጻፈለትም ጃንደረባው ነው። ሰባኪው የሚናገረው ነገር ሳያጣ፥ አድማጩ ሙሉ ሰው ሆኖ ቀረ።

የራሳችን የተአምር ድርሰትም ከዚህ ሥርዓት አይርቅም። ተአምረ ማርያም መነሻው ከባሕር ማዶ ነው፤ በአውሮፓ ተሰብስቦ፥ በዐረብኛ ተተርጕሞ፥ በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ ይኸውም በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ፥ ወደ ግእዝ ገባ፤ ኋላም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። ነገር ግን በአገራችን እንደ እንግዳ ተቀምጦ አልቀረም፤ በጊዜ ብዛት የዚህ አገር ሰዎችና የዚህ አገር ቦታዎች ታሪክ ገባበት። በዚህ ድርሰት የታሪኩ ባለቤት ችግሩ የደረሰበት ሰው ነው፤ በደሉም አይሸፈንለትም። በላዔ ሰብእ የበላቸው ነፍሳት 78 መሆናቸው ተቈጥሮ ተጽፎአል፤ ለተጠማው ሰው የሰጠው ጥርኝ ውኃም እንዲሁ ተጽፎአል። ተራኪው ትልቁን ክፋት ስላልሸሸገብን፥ ትንሹን በጎነት ሲነግረን እናምነዋለን።

ከመጽሐፉ ሌላ የስለት ልማድ አለን። በንግሥ በዓል ቀን ስለቱ የደረሰለት ሰው የተሳለውን ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ ወይም ጧፍ ይዞ ይመጣል፤ ስለቱም በጉባኤ ይነገራል። የሚሰሙት ጐረቤቶቹ ናቸው፤ ታሞ ሲማቅቅ ያዩት፥ ልጅ አጥቶ ሲያዝን የሚያውቁት ናቸው። አብዝቶ ቢናገር የሚያርመው፥ አሳንሶ ቢናገር የሚሞላለት አለ። የመንገደኛው ምስክርነት ግን ገርጂን አይቶት በማያውቅ ጉባኤ ፊት ይነገራል፤ የሚያርመውም የሚሞላለትም የለም። ስለዚህ የመንገደኛ ብዕር ከሌላው ሰው ብዕር ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ይህን መለኪያ ይዘን፥ ስለ አገራችን በባሕር ማዶ ክርስቲያኖች የተጻፉትን ሦስት የታወቁ መጻሕፍት እንይ። ጸሐፊዎቹ የቆዩበት ዘመን የተለያየ ነው፤ ሦስቱም ግን ከአጭሩ መልእክት የሚበልጥ ነገር ያስተምሩናል።

የመጀመሪያው የስዊስ ተወላጁ ሳሙኤል ጎባት በ1834 በለንደን ያሳተመው የሦስት ዓመት ቆይታ ማስታወሻ ነው። ጎባት በ1830 ጎንደር ገብቶ ከካህናትና ከመኳንንት ጋራ ተነጋግሮአል። የሚለውን ሁሉ አንቀበልለትም፤ ስለ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከፈረደው ብዙው ከእንግዳ ችኰላ የመጣ ነው። ሆኖም መጽሐፉ አንድ ታላቅ ምግባር አለው፤ የሚቃወሙትን ሰዎች ያናግራቸዋል። ገጹን ስንገልጥ ከጎባት ቃል ጋራ የጎንደር ሰዎችን ጥያቄና ተቃውሞ እናገኛለን፤ እርሱ ረታሁ በሚልበት ስፍራ እንኳ አንባቢ የሌላውን መልስ አይቶ ለራሱ መፍረድ ይችላል። ደግሞም ባልንጀራው ክርስቲያን ኩግለር በ1830 መጨረሻ በትግራይ መሞቱን ሳይሸሽግ ጽፎአል። ለወዳጅ ሕይወት የማይጸልይ ክርስቲያን እንደሌለ የታወቀ ነው፤ መልሱ ግን መቃብር ሆነ። የዛሬው አጭር መልእክት እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለውም፤ በእርሱ ዘንድ የጠፋው ሣጥን ሁሉ ይገኛል፥ የታመመውም ሁሉ ይድናል። መቃብር የሌለበት ምስክርነት ግን ወዳጁን ለቀበረ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል?

ሁለተኛው ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 ያሳተመው፥ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «እሳት በተራሮች ላይ» ማለት የሆነው የወላይታ ታሪክ ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ወላይታ የገቡት በ1928 ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በ1937 ተገደው ሲወጡ፥ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ያህል ነበሩ፤ በቋንቋቸውም የነበራቸው መጽሐፍ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበር። ከአገሪቱ ነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን አገኙ። በባሕር ማዶ የተቀመጡት እነዚያ 48ቱ እንዲጠበቁ ጸልየው ነበርና፥ ደራሲው ይህን ተአምር ይለዋል።

የዚህ መጽሐፍ ኀይሉ የሚገኘው ከአንድ ነገር ነው፤ ተአምሩ የተፈጸመው መልእክተኞቹ በሌሉበት ነው። ስላላዩት ያዩትን ሰዎች መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ የተነሣ ታስሮና ተገርፎ የጸናው ዋንዳሮ፥ ለታሰሩትም ወንድሞች ምግብ ሲያመላልሱ የነበሩት ምእመናን ወደ ታሪኩ መካከል ገቡ። ጕድለቱም ደግሞ ይታያል። መጽሐፉ ዘመኑን የሚለካው እንግዶቹ በወጡበትና በተመለሱበት ቀን ነው፤ አንባቢውም 48 እና 10,000 የሚለውን ቍጥር ይዞ ይቀራል። በየጐጆው የተጸለየው ጸሎት ምን እንደ ነበረ፥ በምን ቃል እንደ ተጸለየ፥ ስንት ሌሊት ያለ መልስ እንዳለፈ ግን ሊያውቅ ከሚወድደው ያነሰ ነው የሚያገኘው። ሆኖም አጭር ተልእኮ የሚጽፍ ሰው ከዴቪስ አንድ ትምህርት ይውሰድ፤ እኔ በሌለሁበት ምን ተደረገ ብሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛው የዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጽሐፍ ነው፤ በ2001 ታተመ፥ ርእሱም «በወንዝ ዳር ያለው ሆስፒታል» ማለት ነው። እኒህ አውስትራልያዊት ክርስቲያን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋራ በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት፥ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ፥ ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር። በዚያም በምጥ ብዛት ተጐድተው ሽንታቸውን መቈጣጠር ያቃታቸው፥ ከሰውም የተለዩ ሴቶች ወደ እነርሱ መጡ። እነዚያን ሴቶች ካዩ በኋላ ሦስቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ሆነ። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፥ ዶክተር ካትሪንም በ2020 በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 ይበልጣሉ።

በዚህ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ማሚቱ በ1962 ገና በልጅነት ዕድሜ፥ በወሊድ ተጐድታ፥ ማንበብም ሳታውቅ መጣች። ከታከመች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ሐኪሞቹ ሲቀዱ መሣሪያ አቀበለች፤ ቈይታም ራስዋ ቀዳጅ ሆነች፥ ከባሕር ማዶ የሚመጡትንም ሐኪሞች አስተማረች። አንባቢ ሆይ፥ ይህን በማን ጸሎት መዝገብ ላይ ትጽፈዋለህ? ሐምሊኖች ረዳት እንዲሰጣቸው ለምነው ይሆናል፤ ማሚቱም ጤና እንዲሰጣት ለምና ይሆናል፤ መልሱ ግን አንድ ሰው ሆኖ መጣ። ዶክተር ካትሪን ይህን ለማየት የቻሉት ስለ ቈዩ ነው። በሁለት ሳምንት ቢመለሱ ኖሮ ማሚቱ በመጽሐፋቸው ውስጥ ስም የሌላት አንዲት ሕመምተኛ በሆነች ነበር።

ነገሩ የድርሰት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። ነገር ግን የጐደለ ምስክርነት በሥጋና በነፍስ ላይ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ምስክሩ በከተማችን የተፈጸመው የጉዲፈቻ ታሪክ ነው። በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2,500 የሚበልጡ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ አሜሪካ ብቻ በጉዲፈቻ ተወስደዋል። ከወሰዱአቸው ሰዎች ብዙዎቹ አማኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ድኾችን ሊረዱ በአጭር ተልእኮ መጥተው ልጁን ያዩ ናቸው። ስለዚህ ነገር የጻፉአቸውን መልእክቶች ያነበበ ሰው መልካቸውን ወዲያው ያውቀዋል። ገንዘብ ጐደለ፥ ተጸለየ፥ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ አራዘመ፥ ተጸለየ፥ ቀኑ ቀረበ። ልጁ ከቦሌ በአውሮፕላን ተነሣ፥ ምስጋና ሆነ።

በዚህ ትረካ ውስጥ የሌለች አንዲት ሴት አለች፤ እርስዋም የልጁ እናት ናት። በአንዳንዱ ፋይል ወላጅ እያለው ወላጅ እንደሌለው ሆኖ የተመዘገበ ልጅ እንደ ነበረ ኋላ ተገለጠ። ያች እናት በዚያው ሌሊት በመንደርዋ ምን ብላ ትጸልይ ነበር? ልጄ ተምሮ ይመለስልኝ የሚል ጸሎት ቢሆንስ? የአንዱ ጸሎት መልስ የሌላው ጸሎት መሰበር ሊሆን እንደሚችል ያላሰበ ብዕር፥ ሳይወድ የዕንባን መዝገብ የምስጋና መዝገብ አድርጎ ይጽፋል። በ2011 የሴቶች፥ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገው፤ በጥር 2018 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በሕግ ከለከለ። በፍቅር ያሳደጉአቸውን ወላጆች መክሰሳችን አይደለም፤ ለእነርሱም ለልጆቹም በጎውን እንመኛለን። ነገር ግን ከቆርኔሌዎስ ቤት መጀመርን ሁሉም ለምደውት ቢሆን ኖሮ፥ ያች እናት አስቀድማ በተጠየቀች ነበር።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ እንግዲህ ስለ ጠፋ ሣጥን መጸለይ ነውር ነውን? ይለን ይሆናል። አይደለም። ልጅ ከአባቱ ትንሹንም ትልቁንም ይለምናል፤ የተሰጠውንም መናገር ምስጋና ነው። እኛ የምንለው፥ ትንሹ ጸሎት ሲተረክ ትልቁን አይሸፍን ነው። ደግሞም ያልተሰጠው ይነገር። ቅዱስ ጳውሎስ ሕመሙ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ እንዳልራቀለት ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎአል፤ ይህን በመጻፉ ሐዋርያነቱ አልተቀነሰም። ሉቃስም በ12ኛው ምዕራፍ፥ ለጴጥሮስ መፈታት ሲጸልዩ የነበሩት ሰዎች ጴጥሮስ በር ሲያንኳኳ እንዳላመኑ፥ የነገረቻቸውንም ልጅ አብደሻል እንዳሉአት ሳያፍር ጽፎልናል። የዚያችን ገረድ ስም፥ ሮዴ መባልዋን፥ እስከ ዛሬ እናውቃለን። ልትነግራቸው የሮጠችው ስምዋ ከተጻፈ፥ ሣጥኑን ለማምጣት ሦስት ጧት የወረደው አስተርጓሚ እንዴት ይረሳል? ስሙን ማንሣት የማይፈቅድ ቢሆን እንኳ ድካሙን ማንሣት ይቻላል።

ወቀሳው ግን በእንግዳው ላይ ብቻ እንዳይቀር። እኛም አጥፍተናል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ቡና አፍልተን፥ ፈገግ ብለን፥ ደኅና ነን እንላለን እንጂ፥ ስንት ዓመት ምን ብለን እንደ ለመንን አንነግረውም። ይሉኝታችን ለጽሕፈቱ ጕድለት ረድቶታል። አስተርጓሚዎቻችን የሰውን ቃል ሲመልሱ ውለው ያድራሉ፤ የራሳቸውን ግን አይጽፉም። ደግሞ ዛሬ ከቦሌ የሚነሡት የባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከእኛም መካከል ለማስተማርና ለማገልገል ለጥቂት ሳምንት ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ካህናትና ሰባክያን አሉ፤ ሲመለሱም በጉባኤ ቆመው ይመሰክራሉ። በእንግዶቹ ላይ ያየነው ጕድለት በእኛ ሰዎች ምስክርነት ላይ እንዳይገኝ፥ ይህ መለኪያ ለእኛም ይሁን።

ስለዚህ ምስክርነት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። እኔ ከመምጣቴ አስቀድሞ በዚህ ቤት ምን ይጸለይ ነበር? መልሱ ወደ እኔ እስኪደርስ በማን እግርና በማን እጅ አለፈ? የእኔ ደስታ በሆነው ነገር ያዘነ ሰው አለን? እነዚህን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ገጹ አጭር ቢሆን እንኳ ታሪኩ ሙሉ ይሆንለታል።

ወዳጃችን አስተርጓሚው ይህን ሐሳባችንን በሰማ ጊዜ፥ ለዚያች እንግዳ ደብዳቤ እንደሚጽፍላት ነገረን፤ ስለ መርፌውና ስለ ክሩ ሊነግራት ነው። እኒያም እናት አሁን ክራቸውን ራሳቸው እያስገቡ ይጠልፋሉ፤ የጐረቤቲቱ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ቀድሞው ወደ እርሳቸው ትገባለች፤ ጥልፍ ያስተምሩአት ጀምረዋል። ሁለት ዓመት የተለመነውን የሰማ አምላክ፥ ለሚጽፉት የሚያይ ዓይን፥ ለሚያነቡትም የሚያስተውል ልብ ይስጥልን።